አውራ ጣቴ ተቀጠረ

ነገረኛዋ የእህቴ ልጅ፣ እንዴት ከርመሻል?

በጥንት ማሰሮ አምሳል ሸክላ መሥራት ልማር መጥቼ አውራ ጣቴ ሥራ ያዘ። ሙዚየም ባለው በዋናው ማሰሮ አንገት ላይ የሠሪው አሻራ ቀርቷል፤ ጉድ ነው፣ ልክክ የሚልበት የኔ ጣት ብቻ ሆነ! ተማሪው ሁሉ እርጥብ ማሰሮውን ታቅፎ፣ "ጋሼ፣ አንዴ ጫን ያድርጉልኝ" እያለ ይሰለፍልኛል። መምህሯ ጣቴ እንዳይላጥ ሳህን ማጠብ ከልክላኛለች፤ ለእናትሽ ንገሪልኝ፣ እሷ ቤት ማን እንደሚያጥብ ታውቃለች።

ትናንት እንደ ምንም ላንቺ ቃል የገባሁልሽን ማሰሮ ሠራሁ፤ ከደስታዬ ብዛት አሻራውን ረሳሁት። መምህሯ አገላብጣ አየችና፣ "ይሄ የእርስዎ ሥራ አይደለም" ብላ ለትምህርቱ መዝጊያ ከተዘጋጀው ኤግዚቢሽን አስወጣችው። የሌሎቹ ሁሉ በኔ ስም ተደርድሯል።

ወረቀቱ ላይ ቦታ ጠበበኝ። እናትሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ማሰሮሽን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ማን ሠራው ካሉሽ፣ አይታወቅም በይ።

አጎትሽ