ከዝርዝሩ የዘለልኩት ስም

ጥር 9፣ 2014
መርሳ። ኔትወርክ ከተመለሰ ሳምንቱ። ዛሬም አብዱሰመድ ጋ ዋልኩ... ሰፈሩ ወሬ ጀምሯል። «ኢሕሳን የምታገባው እሱን ነው ኮምፒውተሩን?» ይሉኛል አሉ። ይበሉ! እኔስ በመጽሔት ዓምዴ ስንቱን አምቼ የለ?

በጦርነቱ የጠፉ ሰዎች ስም የሚወጣበት ድረ ገጽ ነው ሥራችን። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይፈትሻል። ዓይነ ስውር ነው፤ ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል። ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን «ምስል» ብሎ ያልፋል። ሰዉ ደግሞ ዝርዝሩን ሁሉ በፎቶ ነው የሚልከው።
«ላንብብልህ?» ስለው፣
«አታንብቢልኝ። ስልኬ እንዲያነበው አድርጊው።»
ኩራተኛ!
ታናሽ ወንድሙ ሙባረክ በጥቅምት ሐራ ገበያ ብሎ እንደወጣ ቀረ። በየዝርዝሩ የሚፈልገው እሱን ነው።

ጥር 16
ከሐራ ፎቶ መጣ። በእጅ የተጻፈ። «የተቀበሩ፣ 19 ሰዎች።» መሐል ላይ... ሙባረክ። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ስም።
አብዱሰመድ አጠገቤ ነበር። «ምን ይላል?»
«ጽሑፉ ደብዝዟል፤ ቀስ እያልኩ ነው።»
አጎቱ ሼህ ሙሐመድዘይን ጋ ሮጥኩ። «መርዶ በስልክ አይሆንም ልጄ። ከውርጌሳ ዘመድ ይምጣ። ጁምዓ ጧት እኛው እንነግረዋለን።»
«እሽ» አልኳቸው። አስራ ስምንቱን ጻፍኩ።

ጥር 17
ልብስ ሳጥብ ሰማሁት። «ሙባረክ።» በዚያ በስልኩ ድምፅ፣ ሐዘን በማያውቀው... ዞር አልኩ። ማንም የለም። ከሰዓት አብዱሰመድ ሲቀልድ ሳቅኩለት።

ጥር 18
የፍተሻ ሪፖርቱ ደረሰኝ። እንደወትሮው ደረቅ። «ርዕሱ 19 ይላል፤ ስልኬ 18 ይቆጥራል። አንድ ስም ጎድሏል። የችግሩ ደረጃ፦ ከባድ።»
ርዕሱን ማስተካከል ረስቼ!
ሄድኩ። «አንዱ አልነበብ ብሎኝ...»
«ሌላ ጊዜ ያልተነበበውን 'አልተነበበም' ብለሽ ትጽፊያለሽ።» ወደኔ ዞረ። «ወንድሜ ነው?»
«አጎትህ ጁምዓ...»
«አትንገሪኝ። ጻፊው።»
ጻፍኩት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ በጣቱ አንድ በአንድ ወረደ። ቆመ። ደገመው። ደገመው... «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።»
ስልኩን አውርዶ፣ «ትናንት ስትስቂ እያወቅሽ ነበር?» አለኝ።


ጥር 20
ሽማግሌዎቹ ማልደው መጡ። አብዱሰመድ ምንጣፍ አንጥፎ ጠበቃቸው። ሼሁ ገላመጡኝ።

የካቲት 6
የነአብዱሰመድ ግቢ ሰው ብቻ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች፣ አባቶች... ዝርዝር በመጣ ቁጥር አብዱሰመድ ስልኩን በአንድ ጆሮው እየሰማ ጮክ ብሎ ይነግራቸዋል።
ዛሬ እትዬ ዓቢዳ ከሐራ መጡ። ልጃቸውን ፍለጋ።
«ልጄ፣ የሱ ስም ካለ ዝለለው። አደራ» አሉት አብዱሰመድን።
«አልዘልም እትዬ። መስማት ካልፈለጉ አልጀምርም።»
ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ። «በል እሽ... ጀምር።»
ጧት ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የልጃቸው ስም ስንተኛው ላይ እንዳለ አውቃለሁ።
ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።