ሰሚሐ ዳቦ የማትበላው በሃይማኖት አይደለም

ለክቡር ርእሰ መምህር አቶ አምባቸው
ባሕር ዳር

ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ በተለይም የበላው ሁሉ የሚስማማው ሆድ እመኝልዎታለሁ።

በቅድሚያ በሰፈሩ የሚወራውን ላርም። እኔ አሪፋ ሳሊህ የልጅ ልጄን ሰሚሐን «ክርስቲያን የጋገረው ዳቦ እንዳትበዪ» ብዬ አልከለከልሁም። በሥጋ ነገር ሁላችንም የየራሳችንን እናውቃለን፤ ዳቦ ሃይማኖት እንዳለው ግን እስከዚህ ዕድሜዬ አልሰማሁም። ከጎረቤቴ ከየብርጓል ጋር አርባ ዓመት ዳቦ ስንቆርስ ኖረናል። ወሬውን የነገረችኝም እርሷ ናት፤ «አንቺ፣ የእኔ ዳቦ ከመቼ ወዲህ ነው ሐራም የሆነው?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ወሬው የተወለደው ከትምህርት ቤትዎ የምገባ መዝገብ ነው። መዝገቡ ልጅ ምግብ የማይበላበትን ምክንያት ሁለት ብቻ አድርጎ ያውቃል፦ «ጾም» እና «ሃይማኖት»። ወሩ ረመዳን ስላልሆነ ጸሐፊዎ በቀረው ዓምድ ላይ ምልክት አደረጉ። ልጅ ሊታመም እንደሚችል ሳያስቡ መዝገብ ያዘጋጁትን ሰው ጤንነት ከልብ አደንቃለሁ።

ሰሚሐ ስምንት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዷ እየተነፋ፣ እያስቀመጣት፣ ክንዷ እየቀጠነ ኖረች። አንዴ አሜባ ነው፣ አንዴ ጃርዲያ ነው፣ አንዴ የሐይቁ ውኃ ነው ተባልን፤ የታዘዘላትን ሁሉ ዋጠች። ከሳች ብዬ ጠዋት የስንዴ ቅንጬ፣ ማታ የገብስ ገንፎ ስመግባት የነበርሁ እኔ ነኝ፤ አባቷ ልጄ ኡበይዳም ከቆጋ መስኖ እርሻ ጥሩ ጥሩውን ስንዴ እየመረጠ ያመጣ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም መድኃኒት ከማዘዟ በፊት ልጅቷ የምትበላውን ጠየቀችን፤ ደሟንም አስመረመረች። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ነገር አንጀቷን ይጎዳዋል፣ መድኃኒቱም አለመብላት ብቻ ነው አለችን። ያን ዕለት እነዚህን ያጎረስሁባቸውን እጆቼን የት እንደማደርጋቸው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ጤፏን ይዤ፣ የስንዴ ብናኝ እንዳይነካባት ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት፣ ወፍጮ ቤት ማልጄ እደርሳለሁ። ወንፊቷም ሌማቷም የብቻዋ ነው። የረመዳን ሳምቡሳ ከቤታችን ቀርቷል፤ የወረታ ሩዝና የጣና ዓሣ ይስማማታል። ደክሞኛል፤ ልጅቷ ግን ስድስት ኪሎ ጨምራለች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ የሐኪሟን ወረቀት ሦስት ጊዜ በፈገግታ ስለተቀበሉኝና ሦስት ጊዜም ስለጠፋብዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ኡበይዳን ለምክር ስለጠሩልኝ። ሥራውን ትቶ መጥቶ ስለ ሃይማኖቶች መከባበር አንድ ሰዓት ተመክሯል። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ስለ ሆድ ግን አንድም ቃል አልተነሣበትም።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ስለተከበረው «የአብሮነት ቀን»። የክፍሏ መምህርት ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «ለጓደኞችሽ ፍቅር ስትይ» ብለው፣ ከዳቦው አንድ ጊዜ አጎርሰዋታል። በሐሳባቸው ክፋት እንደሌለ አውቃለሁ። ጉርሻ አይመለስም፣ ያጎረሰሽ ሰው ያፍራል ብዬ ያስተማርኋት እኔው ስለሆንሁ ልጅቷ ዋጠችው። አራት ቀን ተኛች፤ የሒሳብ ፈተናም አመለጣት። አሁን ሆዷ ተሽሏታል። ሆኖም በየጠዋቱ ደብተሯን ይዛ በራችን ላይ ትቆምና «እንደገና ቢያጎርሱኝስ?» ትለኛለች። ፊደል የምትወድ ልጅ ትምህርት ቤት ፈራች። ከሦስት ዓመት ሕመም ያላገኘነውን ነገር በአንድ ጉርሻ ስለሰጡን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

አራተኛ፣ በጥሪ ደብዳቤዎ ላይ «ሐይማኖት» ብለው ጽፈዋል። ቃሉ የሚጻፈው በሃሌታው «ሃ» ነው፤ በእኛ ጊዜ ይህን የሳተ ተማሪ መቶ ጊዜ ይጽፈው ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ቅጣት አልጠይቅም። በምገባ መዝገቡ በሰሚሐ ስም አንጻር አንድ ጊዜ ብቻ «ሕመም» ብለው ቢጽፉልኝ ይበቃኛል።

ለብዙ ልጆች ከሚያስቡበት ጊዜ ላይ ለአንዲት ልጅ ይህን ያህል ስለወሰድሁብዎ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከጥቂት ተስፋ ጋር፣

አሪፋ ሳሊህ
የሰሚሐ አያት

ማሳሰቢያ፦ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የሰሚሐን ፊት አጥቤ እጇን ይዤ አመጣታለሁ። ቀጥሎ በምገባ አዳራሽዎ አግዳሚ ላይ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እርሷ ከቤት ያመጣነውን ሩዝ ትበላለች። ከዚያ የእርሷ ድርሻ ዳቦ ሲመጣ እኔ ተቀብዬ፣ ቢስሚላሂ ብዬ፣ ሁሉም እያየ እስከ ፍርፋሪው እበላዋለሁ። የቀሩኝ ጥርሶች ጥቂት ስለሆኑ ጊዜ ይወስዳል፤ እስክጨርስ ድረስ ደወሉን እንዲያቆዩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።