ከቡድን ሥራ ነፃ መደረጌ እንዲነሣልኝ

ለዓለም አቀፍ ንግድ፣ ፋይናንስና ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 9

ጉዳዩ፦ «በዕድሜያቸው ምክንያት የቡድን ሥራን ብቻቸውን ይሥሩ» ተብሎ የተደረገልኝ አስተያየት እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የመጨረሻ ልጄን ስለሚያክሉ «ልጄ» ልልዎ ዳድቶኝ ነበር፤ ማመልከቻ ነውና በ«ክቡር» እጸናለሁ። አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

1. እኔ አመልካች የሰባ አራት ዓመት ሰው ስሆን በትምህርት ክፍልዎ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከዚህ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት በገቢና ወጪ ዕቃ መጋዘን የሚዛን ሠራተኛ ነበርኩ። ጆንያውም ሳጥኑም በእጄ አልፏል። ስንት ኪሎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከየት ለምን እንደመጣ ግን የነገረኝ የለም።

2. ይህንኑ ትምህርት ከእኔ በፊት የተማረችው የልጅ ልጄ ናት። አራት ዓመት በምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ስታጠና ቆይታ፣ ሥራ አግኝታ ሩቅ አገር ሄደች፤ መጻሕፍቷና እኔ ቀረን። በስልክ ስለ ምንዛሪና ስለ ታሪፍ ስታወራኝ «አሃ» እላለሁ። አንድ ቀን «አባዬ፣ አሃ የምትለው ሲገባህ ነው ሳይገባህ?» አለችኝ። በሳምንቱ ተመዘገብኩ። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ስለሆናት «አበድክ እንዴ፣ በዚህ ዕድሜህ?» የሚለኝ አልነበረም። ሰው መከልከልም እንደሚናፍቀው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

3. ክፍል ስገባ ተማሪው ሁሉ ብድግ ይላል። በመስኮቱ በኩል ያለው የፊት ወንበር ተጠርጎ ይጠብቀኛል። በግራዬም በቀኜም ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ አክብሮት ተቀምጦባቸዋል። ቀልድ ስናገር «እውነት ነው፣ አባባ» ይሉኛል። ክቡር ሆይ፣ ቀልድ ተናግሮ «እውነት ነው» መባልን ጠላትዎ ያግኘው።

4. ባለፈው ሴሚስተር የድርድር ትምህርት አሳይመንት በአምስት በአምስት ሰው እንዲሠራ ታዘዘ። ኋላ የሚቀመጡ አራት ተማሪዎች አንድ ሰው ጎድሏቸው ስለነበር ሄጄ ጠየቅኳቸው። አለቃቸው በሒሳብ ፍጥነቷ «ካልኩሌተር» የምትባል ልጅ ናት። ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ጥቂት ስትቁነጠነጥ ቆይታ እንዲህ አለችኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ቢያረፍዱ ማን ይቆጣዎታል? እኛ እኮ እንሰዳደባለን።»

ተናግራ አፈረች። ልጅቱ ልክ ናት። ሆኖም እኔን ላለማድከም በማሰብ፣ ብቻዬን እንድሠራ ሊያስፈቅዱልኝ አራቱም ሆነው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጡ፤ እርስዎም ፈረሙ። ሁላችሁም በቅን ልብ እንዳደረጋችሁት አልጠራጠርም። ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ቀላል ነው፤ ደግ ሰው ነው መላ የሚያሳጣ።

5. አሳይመንቱ በሁለት አገር ባሉ የጎማ ሻጭና ገዥ መካከል የሚደረግ ድርድር ነበር። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጥኩ። ሻጭ ስሆን መነጽሬን አወልቃለሁ፤ ገዥ ስሆን ዞሬ እቀመጥና አደርገዋለሁ። ገዥው እንደ ሟች ባለቤቴ ፍንክች የማይል ሆነብኝ፤ በሦስተኛው ዙር ሻጩ እጁን ሰጠ። እኔ ራሴ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ክፍሉ ግን እንደ ስብከት በአክብሮት ሰማኝ። አንዱ ብቻ መክፈል የነበረበትን የዕቃውን የጉዞ ኢንሹራንስ ሻጩም ከፈለ፣ ገዥውም ደገመው። ስሕተቱን ያወቅሁት ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው። መምህሩ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ከሃያ ሃያ ሰጡኝ።

እነካልኩሌተርን ግን አሥራ አንድ ጥያቄ አፋጠጧቸው፤ አሥራ ሦስት አገኙ። ኮሪደሩ ላይ «አንተ ነህ ያበላሸኸው»፣ «አንቺ ነሽ» ተባባሉ። ዝናብ ነበርና ወዲያው አራቱም በአንድ ጃንጥላ ተጠጋግተው፣ እየተገፋፉና እየሳቁ ሄዱ። እኔ የራሴን ጃንጥላ ዘርግቼ ሃያዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ብቻውን የሮጠ አንደኛ ይወጣል፤ «በርታ» የሚለው ግን የለም።

የልጅ ልጄ ደውላ ስነግራት ደስ ብሏት «ከእነማን ጋር ሠራህ?» አለችኝ።

«አሃ» አልኳት።

6. ከመጀመሪያው ዓመት መጽሐፋችን ምዕራፍ ሁለት እንደተማርነው፣ አንድ አገር ሁሉንም ነገር ራሱ ማምረት ቢችል እንኳ ከሌላው ጋር መነገዱ ይጠቅመዋል። ይህንን የሚያስተምር ክፍል አንድን ሽማግሌ «ለብቻህ አምርት» ማለቱ ከራሱ መጽሐፍ ጋር ያጣላዋል። እኔ ደግሞ ሁሉንም ማምረት አልችልም፤ ኢንሹራንሱ ምስክር ነው።

ስለዚህ፦

ሀ) የተደረገልኝ አስተያየት ተሰርዞ በዚህ ሴሚስተር በዕጣ በአንድ ቡድን እንድመደብ፤ በምርጫ ከሆነ ሁሉም ወንበሩን ይለቅልኛል እንጂ ቦታ አይሰጠኝም።

ለ) ኢንሹራንሱን ሁለት ጊዜ በማስከፈሌ ከሃያው ላይ ተገቢው ነጥብ እንዲቀነስብኝ።

ሐ) ባረፍድ ወይም ድርሻዬን ባልሠራ የቡድኔ አባላት ሊቆጡኝ እንደሚችሉ ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ እንዲያሳውቅልኝ። ደብዳቤ ካልያዙ አይደፍሩም። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ስለሚለግም ማርፈዴ አይቀርም፤ እኔም ስድብ መመለስ አልረሳሁም።

የቡድን መመዝገቢያ ቅጹን አንድ ገጽ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ስሜን የጻፍኩት በአምስተኛው መስመር ላይ ነው። ከላይ ያሉትን አራቱን ክፍት ትቻቸዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ
የቀድሞ የመጋዘን ሚዛን ሠራተኛ