የአጎቴ አንጎል ዓሣ በላ

ሔራንዬ፣

ካርዱ ላይ የምታዪው ጣና ነው፤ እኔ የምጽፍልሽ ግን ስለ አንድ ጉርሻ ነው። ዛሬ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ኮሌጅ ውስጥ ስለ አንጎል የሚያስተምረው አጎቴ ግሩም በፍልሰታ ጾም ከእኔ ሳህን ዓሣ አንስቶ ጎረሰ። ታላቅ እህቱ እትዬ ውዴ ዓሣ ጾም ያስገድፋል ባይ ናቸው። እኔን "የአዳማ ልጅ" ብለው ትተውኛል፤ እሱን ግን አፍጥጠው አዩት።

"እትዬ፣ አይፍረዱብኝ" አለ። "ሳይንሱ እንደሚለው አንጎላችን እጃችንን የሚያዘው እኛ ከማወቃችን በፊት ነው።"

እኛ ቤት "ሳላስበው ነው" ብንል ማን ይሰማን ነበር?

እትዬ ውዴ ግን ረጋ ብለው፣ "ታዲያ አንተ መቼ አወቅህ?" አሉት።

"እጄ አፌ አጠገብ ሲደርስ።"

"አፍህን ማን ከፈተው?"

አጎቴ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "ካወቅን በኋላ ማስቆም እንችላለን የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ" አለ።

"እንግዲያ ነገ ለንስሐ አባትህ ትናገራለህ። ራስህ ሂድ፤ አንጎልህን ብቻ እንዳትልክ።"

ይኸው ምሁሩ አጎቴ ስንት ስግደት እንደሚታዘዝበት እያሰላ ነው።

ቦታው ጠበበኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ጎረቤታችንን ካሊድንም ናፍቃሃለች በይው።

ዜማ