የባለቤቴ አዲስ ጥርስ

የሩቁ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ትራስ ደግፈህ ነው የምትቀመጠው? አዲሱ መሥሪያ ቤትህ ሰዎቹ እንዴት ናቸው? ምሳህንስ ሳትዘል ትበላለህ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ከጤናዬ በቀር ያለውን እነግርሃለሁ፤ ረጋ ብለህ አንብበው።

ስልክ የማታነሺው ሆን ብለሽ ነው ብለህ በደብዳቤህ ተቀይመሃል። ስልኬ እኔ ጋ የለም፤ አማቴ እጅ ነው። የምሠራበት ፎቶ ቤት ስትመጣ፣ ምራትየዋ፣ ዛሬም አማትሽ ፈቀዱልሽ እያልክ ታሾፍብኝ የለ? ይኸው ያሾፍክበት ነገር ደረሰብኝ።

ባለቤቴን ጎርፍ ከነጭነት መኪናው ከድልድዩ ላይ ሲወስደው መኪናው ተገኘ፣ እሱ አልተገኘም። አማቴ የሚቀብሩት አጥተው ልቅሶው አልወጣላቸውም። እኔን የያዘኝም ይኸው ነው። እንዲህ ሆነው ጥያቸው መውጣት አልሆንልህ አለኝ። ትንሽ ቢጽናኑ መርቀው ይሸኙኛል፣ ከዚያ ወዳንተ እመጣለሁ ብዬ አሰብኩ። ጉዱ የፈላው ከዚህ በኋላ ነው።

አንተ ከተዛወርክ ወዲህ አለቃዬ የቆመ ፎቶ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም አምጥቷል። ኮምፒውተሩ የብዙ ሺህ ሰው ፊት እያየ፣ ሰው ዓይኑን እንዴት እንደሚያርገበግብ፣ አንገቱን እንዴት እንደሚያዞር ተምሯል። እኛ ሁለት ነገር እንሰጠዋለን፤ አንዱ ፎቶው ነው፣ ሌላው ደግሞ ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሰው እንቅስቃሴ። ያንን እንቅስቃሴ ወስዶ ፎቶው ላይ ይጭነዋል። መጀመሪያ አለቃዬ ራሱ ተቀመጠና ደንበኞች ፎቷቸውን ያመጡልን ሟቾች ሁሉ ዝንብ የሚያባርር በሬ መሰሉ። ስለዚህ እኔ ተቀመጥኩ። ወደ ቀኝ ዘወር፣ ዓይን ከደን ገለጥ፣ ትንሽ ፈገግ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚህ ከተማ ሟች ሁሉ በእኔ ፈገግታ ይስቃል። ደንበኞች ቁርጥ የአባቴ አንገት አዟዟር እያሉ ያለቅሳሉ፤ እኔ ከጠረጴዛው ጀርባ አንገቴን አሻሻለሁ።

ለአማቴ ብዬ የባለቤቴን የመታወቂያ ፎቶ ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት። አንድ ነገር ግን ዘነጋሁ። ባለቤቴ የጎማ መፍቻ ተፈናጥሮ የፊት ጥርሱን ሸርፎት ስለነበር ፎቶ ሲነሳ አፉን ገጥሞ ነው። ኮምፒውተሩ ታዲያ ያላየውን ጥርስ ከየት ያምጣ? ከራሱ ገምቶ ሙሉ፣ ነጭ፣ የተደረደረ ጥርስ ሰጠው።

ምስሉን በስልኬ ሳሳያቸው አማቴ መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ መስኮቱ ወሰዱትና፣ ጥርሱን አስተክሏል አሉ! ልጄ ሲሄድ ጥርሱ ሽራፊ ነበር፣ ይኸው አሁን ሙሉ ሆኗል፤ የሞተ ሰው ጥርስ ሐኪም ጋ አይሄድም አሉኝ። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ የኮምፒውተር ሥራ ነው ብዬ ብምል ብገዘት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! አንቺማ እንዲሞት ነው የምትፈልጊው አሉኝና አፌን ዘጉት። ጎረቤቱን ጠርተው አሳዩ። ጥቁራቸውን አወለቁ፣ የእኔንም አስወለቁኝ። ያን ጥቁር የማወልቅበትን ቀን ስንቴ ተመኝቼዋለሁ መሰለህ፤ እንዲህ አልነበረም እንጂ።

ከዚያ ደግሞ «ነበር» ማለት ተከለከለ። አንድ ቀን ሲያዛጋ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር ብል፣ ይሰማል በይ ብለው ተቆጡኝ። አሁን በቤታችን እሱ ይበላል፣ ይስቃል፣ ጨው ሲበዛ ይቆጣል። እኔም ባለትዳር ሆኛለሁ።

ስልኩን በስኳር ዕቃው አስደግፈው ፊት ለፊቱ ይውላሉ። አንተ ስትደውል ምስሉ ይቋረጥባቸዋል። ማነው ልጄን የሚያቋርጥብኝ ይሉና ቀዩን ይጫኑታል። የምዘጋብህ እኔ አይደለሁም።

ቆሽቴ ቢያርር አንድ መላ ዘየድኩ። ፎቶ ቤት ሄጄ ጥርሱን እንደ ድሮው ሸረፍኩና እንደገና አስፈገግኩት። ይኸው፣ እንደፈለግኩ የማደርገው እኔ ነኝ ልላቸው ነው። አዩት። ደረታቸውን መቱ። ያስተከለው ወለቀበት አሉ! ልጄ ተቸግሯል፣ በምን ያኝካል፣ ማን ያሳክመዋል እያሉ ምግብ አልነካም አሉ። ሳቄ መጣ። ሳቄን ስይዝ እንባዬ አመለጠኝ። ምን ላድርግ፣ አንጀቴን በሉት። በማግስቱ ሄጄ ጥርሱን መለስኩለት፤ እሳቸውም እህል ቀመሱ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ከሥራ ቀደም ብዬ ተመለስኩ። በሩ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ሳጎነብስ ድምፃቸውን ሰማሁ። ስልኩን እያዋሩት ነው። እንደ ልማዳቸው በላህ ጠጣህ የሚሉት መስሎኝ ነበር። አንተስ አንዴ ሄደሃል፣ እሱን ችዬዋለሁ፤ እሷን ግን ያዝልኝ፣ ብቻዬን እንዳልቀር አሉት።

ጫማዬን መልሼ አጠለቅኩ። ጥግ ያለው ሱቅ ድረስ ሄጄ የማልፈልገውን ክብሪት ገዛሁና ተመልሼ በሩን አንኳኳሁ። ነይ ግቢ ልጄ፣ ባልሽ ዛሬ ደስ ብሎታል አሉኝ። እሱ ሁልጊዜም ደስተኛ ነው አልኳቸው። እጄን ያዙና እስኪጨልም አልለቀቁኝም።

ትናንት ደግሞ የሠርጋችንን ፎቶ ሰጥተውኝ ሁለታችሁንም አንቀሳቅሺልኝ አሉኝ። ካሜራው ፊት ተቀመጥኩ። ለካስ ሰው ራሱን ሲሆንም ይከብደዋል። ሙሽራውም ሙሽራይቱም እኩል ወደ ቀኝ ዞሩ፣ እኩል ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እኩል ፈገግ አሉ። አማቴ አይተው፣ ሲስማሙ አሉ! እኔ ያቺን ልጅ ነው ያየሁት። ዞር ትላለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ተመልሳ እዚያው ናት። አንዴም ከፎቶው ጠርዝ አታልፍም። በጣም አሳዘነችኝ።

ቁርጡን ንገሪኝ ብለሃል። ቤት ተከራይቻለሁ፣ ሰማያዊ መጋረጃ ሰቅያለሁ፣ ካልወደድሽው ይቀየራል ብለህ ጽፈሃል። መጋረጃውን አትቀይረው። ሰማያዊ እወዳለሁ። አንተንም እወድሃለሁ፤ ይህን ሳልጽፍ ፖስታውን ብዘጋው ይቆጨኛል።

እዚህ ቤት ስለ ባለቤቴ «ነበር» ማለት አይፈቀድልኝም። ቃሉን ግን አልጣልኩትም፤ ላንተ አቆይቼዋለሁ።

እመጣ ነበር።

ወገብህን ይማርልህ። ደጅህ ሰው አይጣ፣ የተከራየኸው ቤት ይሙቅልህ። ከእንግዲህ አትደውል፤ ሲቋረጥባቸው ይከፋቸዋል።

ምራትየዋ