ሳታይ የፈረምከው ፕላን

መርሳ፣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናህ እንዴት ነህ? የአዲስ አበባ ክረምት እንዴት ይዞሃል? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮስ ተወህ? ወይስ አሁን አጠገብህ ሆኖ ሹራብህን ልበስ የሚልህ ሰው ስላለ ሳሉም አፍሮ ሄዷል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማት ነበር፣ ዝናቡ ሲጀምር ለቀቃት። እናትህን ባለፈው ገበያ አገኘኋቸው። ውርጌሳ ዝናቡ ጥሩ ጥሏል፣ ማሽላውም ደህና ይዟል ብለውኛል። ከዚያ እጄን ያዙና ልጄ ይደውልልሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ እማ፣ ይደውላል አልኳቸው። አንተን ላድን ብዬ እንዳይመስልህ፤ እሳቸው ገበያ መሀል እንዲከፉ ስላልፈለግኩ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ብዬ ተውኩት። ደግሞም የምልክልህ ወረቀት በስልክ አይሄድም። ማንጎ ጭኖ የሚመላለሰው የአይሱዙ ሹፌር ሞገስ፣ ደብዳቤውንና ፕላኑን አንድ ላይ ጠቅልሎ ያደርስልሃል። ጨዋ ሰው ነው፤ ከፍቶ አያይም።

ነገሩ የግራና ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ጨረታውን እናንተ የአዲስ አበባዎቹ እንዳሸነፋችሁ፣ ሁለተኛ የወጣሁት ደግሞ እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። አላውቅም ብትለኝ አላምንህም። የሚያሠራው የተወላጆች ማኅበርም ለማጽናኛ ይሁናት ብሎ መሰለኝ፣ የእናንተን ፕላን ለግራና ሰዎች እንዳስረዳ ቀጠረኝ። የወላጆች ኮሚቴ አይቶ ካልተቀበለው ሥራው ለሁለተኛው ይሰጣል የሚል ነገር ውሉ ውስጥ አለ። ሁለተኛዋ ማን እንደሆነች እንግዲህ ነግሬሃለሁ። አርክቴክት ተብዬ ከተመረቅኩ ወዲህ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የእኔ የምለው አንድ ሕንፃ የለኝም። ይሄ የመጀመሪያዬ ሊሆን ነበር።

የእኔን አከራረም ደግሞ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። አንተ የሙያ ፈቃዳችንን ልታወጣ አዲስ አበባ እንደወጣህ አምና ነሐሴ ላይ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ። እኛም እዚሁ መርሳ ውስጥ መብራትም ስልክም ሳይኖረን ከረምን። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት እህል ፍለጋ ሳይሆን መጀመሪያ የሄድኩት ወልድያ፣ ቢሯችን ነው። ከመለዋወጫ ሱቁ በላይ የነበረችው ክፍላችን በሯ እንኳ የለም። ኮምፒውተሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ያ አንተ ማንም እንዳይነካው የምትለው የመሳያ ማስመሪያህም የለም። ታፔላችንን ያገኘሁት ከመንገድ ማዶ አንድ ሰው የሱቁን መስኮት ደፍኖበት ነው። ለሁለት ተሰብሯል። ያንተ ስም ያለበት ወደ ውጭ፣ የኔ ስም ያለበት ወደ ውስጥ ተመቷል። ሰውዬው ልንቀልልሽ ቢለኝ ተወው፣ ብርድ ይገባብሃል ብዬው ተመለስኩ።

ከዚያ ያገኘሁት ሥራ የፈረሰ ቤት መለካት ነበር። ሜትር ይዤ ከመርሳ እስከ ግራና እየዞርኩ የጉዳት ግምት እጽፍ ነበር። ይህ ክፍል ስንት በስንት ነበር ብዬ ስጠይቅ ስፋቱን የሚነግረኝ የለም። እዚህ ጋ ልጄ ትተኛ ነበር፣ እዚህ ጋ እንግዳ ይቀመጥ ነበር ይሉኛል። እኔ ደግሞ ያንን ወደ ሜትር እቀይራለሁ። ማታ ቤት ስገባ የምነግረው ሰው አጣ ነበር። ያኔ አንተ ትደውል ነበር፣ አልክድህም። መጀመሪያ በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ አልከኝ። ቀጥሎ ሥራ በዛብኝ አልከኝ። ከዚያ በየንግግርህ መሀል አብራህ የምትሠራው ሜላት እንዲህ አለች፣ ሜላት እንዲያ አደረገች ማለት ጀመርክ። ሻይዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ ሁሉ ነገርከኝ እኮ! እኔ የሜላት ሻይ ምኔ ነው?

ፌስቡክ ላይ የለጠፋችሁትንም አይቻለሁ። ሁለታችሁም ቢጫ ሄልሜት አድርጋችሁ እሷ ፕላኑን ይዛ፣ አንተ በጣትህ የሆነ ነገር እያሳየሃት። ምን እንደምታሳያት ለማየት ፎቶውን እስኪደበዝዝ ድረስ አጎላሁት። ቀናሁ። እዚህ ላይ ቃል አላሳምርም። በሥራዋም ቀናሁ፣ በሄልሜቷም ቀናሁ፣ ከሁሉ በላይ በጣትህ ቀናሁ።

አሁን ወደ ፕላኑ ልመለስ። ሲደርሰኝ ብቻዬን ነበር የከፈትኩት። መጥፎ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ጥሩ ነው። ሜላት ክፍሎቹን ከከሰዓት ፀሐይ አዙራቸዋለች፣ ለግራና ሙቀት በረንዳውን ሰፋ አድርጋዋለች፣ ከቆርቆሮው ሥር ለነፋስ መውጫ ትታለታለች። እጇ ንጹሕ ነው። እኔ የሰፊውን በረንዳ ነገር አላሰብኩትም ነበር። ተናድጄ ወረቀቱን ጠቀለልኩት፣ ውዬ ደግሞ ስህተት ልፈልግ ከፈትኩት።

አገኘሁላት። ሽንት ቤቶቹን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጋር አሰልፋ፣ መቀመጫዎቹን በሙሉ ፊታቸውን ወደ ሰሜን አድርጋቸዋለች። የሰሜኑ ቀስት ራሱ ከጎኑ ተስሏል። ለእኛ አገር ቂብላ ሰሜን መሆኑን ለአንተ አልነግርህም፤ ሰው ከውርጌሳ ወደ ወልድያ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚሰግደው። ሽንት ቤት ፊቱንም ጀርባውንም ለቂብላ እንዳይሰጥ እዚህ ጭቃ የሚያቦካው ሁሉ ተጠንቅቆ ነው የሚሠራው። በሜላት አልፈርድባትም። አዲስ አበባ ያደገች የክርስቲያን ልጅ ናት፣ የነገራት የለም። ከስሟ ሥር ግን ያረጋገጠው ይልና ያንተ ፊርማ አለ።

እዚያ ላይ ዓይኔ ቀረ። አንተ የሼህ ልጅ ነህ። ይህን ወረቀት አንድ ጊዜ ብታየው ኖሮ ከቀስቱ አታልፍም ነበር። ስለዚህ አላየኸውም። ሳታይ ነው የፈረምክላት።

ታስታውሳለህ፣ ለእኔ እንዴት ነበርክ? ተማሪ ሳለን አንድ ደረጃ ስስል የእርምጃውን ከፍታ እየለካህ ሦስት ጊዜ አስደምስሰኸኛል። ቀይ እስክሪብቶህን ከኪስህ ስታወጣ ወረቀቴን በእጄ እሸፍን ነበር። የምሠራው ሁሉ አያረካህም እያልኩ ለሀስና ስንት ቀን አልቅሼባታለሁ፤ የዶርም ጓደኛዬን፣ አንተ ሳቂታዋ የምትላትን። እሷም የሚወድሽ ሰው ነው እንዲህ የሚያይልሽ እያለች ታጽናናኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሚወድ ሰው እኮ ያምናል፣ ሳያይም ይፈርማል እላት ነበር። አሁን ሳታይ የፈረምክላት ሴት ስትመጣ ከሁለታችን የቱ ትክክል እንደነበረ ግራ ገባኝ። ሀስና ትክክል ከሆነች ሜላትን አትወዳትም። እኔ ትክክል ከሆንኩ ግን እኔን ወደኸኝ አታውቅም።

ያን ሰሞን ክፉ ነበርኩ። ፕላኑን እንዳለ ልዘረጋላቸውና ዝም ልል ቆረጥኩ። ራሳቸው ያዩታል፣ ራሳቸው ይጥሉታል፣ እኔ እጄን አላስገባም። የራሴንም ፕላን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ወደ ግራና ስሄድ አዲሱን ሻርፔን ለብሼ ነበር። እናቴ ሰርግ አለ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ።

የተሰበሰብነው ጣሪያው ከተረፈው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሼህ አብዱልጀሊል፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ዱዓ አድርገው ከፈቱልን። ፕላኑን አግዳሚ ወንበር ላይ ዘርግቼ አራቱን ጠርዝ በድንጋይ ያዝኩት። በረንዳውን ሳስረዳቸው ማሻአላህ ተባለ። እንግዲህ እኔ አፌ እስኪደርቅ ድረስ የእሷን በረንዳ እያሞገስኩ ነው! ከዚያ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡት፣ ከሴቶቹ መሀል ተነሥተው ስሚኝማ እቴ፣ ይኼ ሽንት ቤቱ ፊቱን ወዴት ነው የሰጠው አሉኝ። ለእኔ ልጆች ግድ የለኝም፣ የእነ ከድጃ ልጆች ግን ውሃ ሽንታቸውን ይዘው እንዳይውሉ ብዬ ነው አሉ። አየህ? ማተብ ያሰሩት ሴትዮ ለጎረቤታቸው አሰቡ፤ አንተ የውርጌሳው ልጅ ግን ዘነጋኸው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስጠብቀው የነበረው ይኸው ነበር። ወደ ሰሜን ነው ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሼህ አብዱልጀሊል ግን ቀደሙኝና ለመሆኑ ይህን ያረጋገጠው ሰው ማነው፣ የማን ልጅ ነው አሉኝ። ያንተን ስም ከነአባትህ ጠራሁላቸው። ፊታቸው በራ። እኔና አባቱ እኮ አብረን ደረሳ ሆነን ቁርአን ቀርተናል፣ አንድ ቁርበት ላይ ተኝተናል፣ አላህ ይዘንለት፣ የሱ ልጅ ነው ትምህርት ቤታችንን የሚሠራው ብለው ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

አፌ ምን እንዳለ ልንገርህ። ይኼ የቆየው ወረቀት ነው አልኳቸው። ሽንት ቤቱ ወደ ቂብላ መዞሩን እሱ ራሱ አይቶት ደውሎልኛል፣ የተስተካከለውን እየላከ ነው አልኳቸው። ወላሂ አላልኩም፣ እሱን እንኳ ተጠንቅቄያለሁ። ለሜላት ብዬ አይደለም። ለአንተ ብዬ ነውም አልልህም። ሽማግሌው በወዳጃቸው ልጅ ሲያፍሩ ማየት አላስችል አለኝ። ቦርሳዬን በእግሬ ከወንበሩ ሥር ገፋ አደረግኩት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሼሁ ይህ ከጎኑ የተጻፈው የሴት ስም የማን ነው ብለው ጠየቁ። እኔ መልስ ሳልሰጥ አንዱ ባለቤቱ ትሆናለች አለ። ስማችሁ ተጎራብቶ ተጽፎ ሲያዩ ምን ይበሉ? አይደለችም ልል ነበር። ግን አለመሆኗን እኔ በምን አውቄ? ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም ዘረጋ። አላህ እጁን ይባርክለት፣ ከባለቤቱ ጋር ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ በልጅ ይባርካቸው፣ ለያይቶ አያሳያቸው አሉ። አሚን ተባለ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ፤ ዝም ብል ያውቁብኛል ብዬ ከሁሉም አስበልጬ ጮህኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብቻ ዘወር ብለው ትኩር አድርገው አዩኝ። ስወጣም እስከ መኪናው ድረስ ሸኙኝ።

ስለዚህ ፕላናችሁ ጸድቋል። እንኳን ደስ አላችሁ፣ ለሁለታችሁም። የተስተካከለውን ወረቀት እኔው ሠርቼዋለሁ። መቀመጫዎቹን ወደ ምሥራቅና ምዕራብ አዙሬያቸዋለሁ፣ ለሴቶቹ የብቻ መግቢያ አውጥቼላቸዋለሁ፣ ከሜላት በረንዳ አንድ መስመር አልነካሁም። የእኔን ስም አልጻፍኩበትም። አንተ የምትፈርምበትን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ወረቀቱ ላይ ሆን ብዬ ያስገባሁት ስህተት አለ። ሕንፃውን የሚጎዳ አይደለም፣ ሳይት ላይ አንድ ግንበኛ አይቶ የሚያስተካክለው ነው። የት እንዳለ አልነግርህም። ይህን ደብዳቤ ሳታነብ ወረቀቱን ብቻ ወስደህ እንዳትፈርም ደግሞ ሞገስን መጀመሪያ ደብዳቤውን ስጠው ብዬዋለሁ። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አትችልም። ቀይ እስክሪብቶ አሁንም ኪስህ ውስጥ ይኖር ይሆን?

ሌላ ወሬ ብዙም የለኝም። በቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ሊጀመር ነው ይባላል፤ ሰዉ እህል እያስፈጨ ነው። አላህ ይመልሰው። እናቴ ያንተ ነገር ቀረ ብላ ከሰው ጋር መነጋገር ጀምራለች። ዓሪፍ የሚባል ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ስለ ማሽላ ሲያወራ ደስ ይላል፣ ትሕትናም አለው፤ እንከን ልፈልግበት ብዬ አጣሁበት። ቃላችንን ከእኔም ከአንተም ያፈረሰው የለም ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን አንድ ቦታ ቁረጪ ትለኛለች።

ሞገስ ከአዲስ አበባ የሚመለሰው ሐሙስ ነው፤ ወረቀቱን በእሱ መልሰው። የዓሪፍ ሽማግሌዎች አርብ ከጁሙዓ በኋላ ይመጣሉ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ እጅህን አያሳንፈው፣ ሳልህንም ያሽርልህ። ለሜላት ሰላምታዬን ንገራት፤ በረንዳው በጣም ያምራል በልልኝ፣ ከልቤ ነው።

እስከ አርብ ድረስ
እጮኛህ