የእማማ ጉልበትና የእኔ ጉልበት

ለምወድህ ወንድሜ ለቼንቾ፤

እንደምን ከርመሃል? የኔብራስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሚስትህ ሌዮኒላስ? ትንሿ ልጅህስ ጥርስ አወጣች? እኛ ድንግል ትመስገንና ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ እማማ ደህና ናት፤ እኔማ እንደ ግንድ ተጋድሜ የጣራውን እንጨት እቆጥራለሁ።

የጉልበቴ ሎሚ ከቦታው እየወጣ ሲያሰቃየኝ ታውቃለህ። ወጌሻው ዶን ቺንቶ «አይዞሽ፣ ልማዱ ነው» እያለ ይመልስልኝ ነበር። በጎረቤታችን በሬይሙንዳ ሰርግ ላይ ግን ስጨፍር ዞር ከማለቴ ውልቅ ብሎ ወደ ውጭ ሄደ፤ በጩኸቴ ሙዚቀኞቹ እንኳ አቆሙ። ጓዳላሃራ ከተማ ሆስፒታል ወሰዱኝና ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሐኪሟ ከጭኔ ጅማት ወስዳ ሎሚውን በውስጥ በኩል ከአጥንቱ ጋር አሰረችልኝ። «ከእንግዲህ አያስቸግርሽም፤ ግን እኔ ሳልፈቅድልሽ እንዳትንበረከኪ» አለችኝ። እግሬ በማሰሪያ ተወጥሮ ቀጥ ብሏል። ያሳክከኛል፣ መገላበጥ አልችልም፣ ዝንብ ተነስታ ስትሄድ እንኳ እቀናለሁ።

የጻፍኩልህ ግን ስለ እግሬ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከግቢው አንድ ድምፅ እሰማለሁ፤ ሸተት፣ ቆም፤ ሸተት፣ ቆም። በክራንች እየተንገዳገድኩ መስኮቱ ጋ ብደርስ እማማ! ቀሚሷን ሰብስባ ግቢውን በጉልበቷ ታቋርጣለች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ሪህ በጨረሰው ጉልበት! ለካ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ለሚውለው ለድንግል የካንዴላርያ በዓል ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ድንግል ምስል ፊት በጉልበቷ ልትሄድ ተስላ ልምምድ ላይ ናት።

ደሜ ፈላ። «ለእኔ ጉልበት ብለሽ የራስሽን ልትሰብሪ ነው? ማን ተሳይልኝ አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። መሬት ላይ እንዳለች ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ላንቺማ ሻማ አብርቼ፣ እንድትድኚ ድንግል ፊት ትንሽ የቆርቆሮ እግር ለስለት ሰቅዬልሻለሁ፤ ይበቃሻል። ይሄ የቼንቾ ነው። ለበዓሉ እመጣለሁ ብሎኛል። ድንግል ልጄን ካመጣችልኝ እኔም በጉልበቴ እሄድላታለሁ» አለችኝ።

ቼንቾ፣ ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። አውቅሃለሁ እኮ! አምናም እመጣለሁ ብለህ ነበር። ስልክ ላይ ስታለቅስብህ ጊዜ አፍህ ላይ የመጣልህን ትላለህ። ዘንድሮ ግን አምናሃለች። አባ አንሴልሞ ስለቱን በሌላ ልቀይርልሽ ቢሏት «ድንግልን ላታልላት?» ብላ ተቆጣቻቸው። ዶሮ እያደለበች ነው፤ ፍራሽህን ፀሐይ ላይ አውጥታ አራግፋዋለች። ካልመጣህ ጉልበቷ ይተርፍ ይሆናል፤ ልቧን ግን የትኛዋ ሐኪም ታስርልኛለች? እንዲያው ለማባበል ያልካት ከሆነ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ደውለህ ራስህ ንገራት። እኔ አልነግራትም፤ አልችልም።

ሌዮኒላን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። አክስታችን ኦርቴንሲያ «ወፍረሃል ወይስ እንደ ድሮህ ክር ነህ?» ትልሃለች። ዶን ቺንቶም እሱን ትቼ ሐኪም ጋ በመሄዴ እንዳኮረፈኝ ሆኖ ሰላም ብሎሃል።

የምትመጣ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘህ ና። እማማ በጉልበቷ ስትሄድ ከፊት ከፊቷ በርከክ እያለ የሚያነጥፍላት ሰው ያስፈልጋታል፤ እኔ በርከክ ማለት አልችልም።

እህትህ አምፓሮ
ሳን ሁዋን ደ ሎስ ላጎስ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 2009